የዲዮራማ እንጨትና ጡብ እውነተኛ አልመስል ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በዲዮራማ (አንድን ትዕይንት በትንሹ የሚያሳይ ሞዴል) ላይ የተቀባው በር ወይም ግድግዳ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ካለ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ቀለሙን ነው። ሌላ ቡናማ ይገዛል፣ ሌላ ቀይ ይቀላቅላል። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከቀለሙ ሥር ወይም ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ባይ ነኝ። ምን ቀድሞ ተቀባ? የታችኛው በደንብ ደርቆ ነበር ወይ? ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

እንጨቱ አንድ ወጥ ቡናማ ሆነ

እንጨት ሲባል ሁላችንም ቡናማ ይመጣብናል። ደጅ የከረመ እንጨት ግን ቡናማ አይደለም። ፀሐይ ቃጫውን አያይዞ የያዘውን ሊግኒን ትሰባብረዋለች፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ የሚቀረው ወደ ብር የሚያደላ ግራጫ ነው። ቡናማው የሚተርፈው ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ቦታ ነው፤ ከጣሪያው ጥግ ሥር፣ ከማጠፊያው ጀርባ፣ አዲስ በተሰበረ ጫፍ ላይ።

ስለዚህ መነሻው ፈዛዛ አሸዋማ ግራጫ ይሁን። ከዚያ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ያዟቸው። አንዱን ትንሽ ሞቅ፣ ሌላውን ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጉት። ሲደርቅ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ወስዳችሁ፣ ፀጉሩ በሳሳ አሮጌ ብሩሽ በጣውላው ርዝመት የተቆራረጡ መስመሮች ሳቡ። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር አታድርጉ። የተቆረጠው ጫፍ ውሃ ስለሚጠጣ ከገጹ ጠቆር ይበል። ሚስማር ካለ ነጥብ አድርጉና ከሥሩ ቀጭን ነጠብጣብ ወደ ታች አውርዱ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ብርቱካናማ ዝገት ያደርጋል። እንደ ኦክ ያለ ታኒን (እንጨት ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ንጥረ ነገር) የበዛበት እንጨት ግን ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ሰማያዊ ቢጤ ጥቁር ነው። ይህቺ ትንሽ ነገር በሩን ሕይወት ትሰጠዋለች።

ቃጫው ገዝፎ ይታያል

በ1/35 ሞዴል ላይ፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ባነሰው ላይ፣ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጭረት፣ በእውነተኛው መጠን ሲታሰብ 3.5 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ነው። ባልሳ የሚባለውን ቀላል የሞዴል እንጨት ተጠቅማችሁ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ቃጫውም ይነሳል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ በቀጠነ ቫርኒሽ ዝጉት፣ እንደገና አሹት። ገና ካልጀመራችሁ ባስዉድ የሚባለው ቃጫው ደቃቅ እንጨት ይሻላል። ፕላስቲክ ከሆነም ጭረቱን በምላጭ ጫፍ ቀለል አድርጋችሁ አውጡ፤ ጠለቅ ያለው ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይበቃል።

ቀለም የማይጠጣ ነጣ ያለ ቦታ አለ

ሙጫ ነው። የፈሰሰ ሙጫ እንጨቱን ስለሚደፍነው ማቅለሚያው አይገባም። ፍቁት፣ ካልወጣ በወፍራም አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ሸፍኑት። ለሚቀጥለው ግን መጀመሪያ አቅልሙ፣ ከዚያ አጣብቁ።

ደረቅ ብሩሽ ካለፈበት በኋላ ዱቄት የተነፋበት መሰለ

ደረቅ ብሩሽ ማለት ቀለሙ ከሞላ ጎደል የተጠረገለትን ብሩሽ ከፍ ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይ ማሳለፍ ነው። ብሩሹ ደረቅ አልነበረም ወይም ቀለሙ ንጹህ ነጭ ነበር። ብሩሹን በጨርቅ ጥረጉት፣ ደግማችሁ ጥረጉት፣ የእጃችሁ ጀርባ ላይ ሲያልፍ እምብዛም ምልክት እስኪያጣ ድረስ። በነጭ ፈንታ መነሻውን ቀለም በክሬም ቀለም አፍክቱት። የተበላሸውን ደግሞ በጣም የቀጠነ ቡናማ ብታሳልፉበት ይረጋጋል።

ጡቡ የተጣራ ስዕል ይመስላል

ጡብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ሁሉም ጡብ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጡብ ቀይ የሚሆነው በጭቃው ውስጥ ባለው ብረት ነው፣ የድምቀቱ መጠን ደግሞ በምድጃው ውስጥ ባገኘው እሳት ይለያያል። ስለዚህ ከመነሻው ሌላ ሦስት ቀለም አዘጋጁ፤ ብርቱካናማ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ቀይ፣ ቢጫማ ቡናማ። ከአምስት ጡብ አንዱን ያህል በእነሱ ለውጡ። እጅ ሳይታወቀው ሥርዓት ይይዛል፤ አንድ ዘሎ አንድ መቀባት ይጀምራል። በየመሃሉ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን አጥብባችሁ እዩት። ሰያፍ መስመር ወይም ዳማ ከታያችሁ ሁለት ጎረቤት ጡቦችን አንድ አድርጓቸው።

ሁለተኛው ምልክት፣ የሞርታሩ (በጡቦቹ መሃል ያለው ማያያዣ) ግራጫ የጡቡን ፊት ሁሉ አልብሶታል። ማት (የማያንጸባርቅ) ቀለም ሻካራ ስለሆነ ያገኘውን ይይዛል። ጡቡ ቀለም ከጨረሰ በኋላ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀቡት፣ ይድረቅ። ከዚያ የቀጠነ ስቱኮ መስመሮቹ ውስጥ አስገቡና ትንሽ ጠበቅ ሲል እርጥበት ባለው ስፖንጅ በሰያፍ ጥረጉ። መስመሩን ተከትላችሁ ከጠረጋችሁ ያስገባችሁትን መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። ንጹህ ነጭም አይሁን፣ አሸዋማ ግራጫ ነው የሚያምነው ዓይን። ስፋቱንም ለኩ፤ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የሞርታር መስመር በ1/35 ሲቀየር 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ የትኛውም ቀለም አያድነውም።

ቀጭኑ ጥቁር ቀለም ደርቆ ክብ ክብ ምልክት ተወ

ፈሳሹ ተጠራቅሟል። ውሃው ላይ በጣም ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ ይሰራጫል። የተጠራቀመውን ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ምጠጡ። በዘይት ቀለም የተሠራ ከሆነ ከደረቀም በኋላ በማቅጠኛው ሊለሰልስ ይችላል። አክሪሊክ ግን አንዴ ከደረቀ በውሃ አይመለስም፤ መነሻውን መልሳችሁ ቀቡ።

ቀለሙ ከጂፕሰሙ ላይ ተላጠ፣ ወይም ፎሙ ተበላ

ጂፕሰሙ ውስጡ እርጥብ ነበር። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም። የተላጠውን አንሱ፣ በደንብ ይድረቅ፣ በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ዝጉት፣ ከዚያ ቀቡ። ፎም ከሆነ ደግሞ በጣሳ የሚመጣ ስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሚያ ይበላዋል። መጀመሪያ አክሪሊክና ነጭ ኮላ ቀላቅላችሁ በብሩሽ አልብሱት፣ አንድም ቀዳዳ አይቅር። የተበላውን ቦታ አትጣሉት፣ የፈረሰ ጥግ አድርጉት።

የመጨረሻው ማት ቫርኒሽ ነጭ ጉም ጣለበት

አየሩ እርጥብ ነበር ወይም ጣሳው በደንብ አልተናወጠም። አትፋቁት። ደረቅ ቀን ጠብቁ፣ አንድ ስስ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ቀቡበት፤ ብዙ ጊዜ ጉሙ ይጠፋል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ማቱን በስሱ መልሱ።