«ገባዎት?» ብለን የምንሸኛቸው የልብ ሕሙማን

የልብ ምት መድኃኒት ይዘው ከሚወጡ ታካሚዎች ብዙዎቹ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲመጣ አያውቁትም። ጥፋቱ በአብዛኛው የኛ የባለሙያዎቹ ነው። የምንሳሳተው እንዲህ ነው።

«ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ። እማማ በይሉኝታ «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይወጣሉ። ምኑ እንደገባቸው ግን አናውቅም። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» ብንላቸው ያልገባቸው ነገር እዚያው ይታያል።

የዲጎክሲንን (አንዱ የልብ ምት መድኃኒት ነው) ጉዳት በጨጓራ ማሳበብ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። እኛ አገር ሆድን ያስቸገረ ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ዲጎክሲን በደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። ታካሚው «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ይገዛል፤ ዲጎክሲኑንም መዋጡን ይቀጥላል። ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ ሲታየው ወይም የልብ ምቱ ሲዘገይ ጊዜው ሄዷል። ላዚክስ የሚባለውን የሚያሸና መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ ሰው አደጋው ይብሳል። ላዚክስ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን ልብን ይመርዛል። ተቅማጥ ሲይዝም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ሊያቅለሸልሽዎት ይችላል» ብቻ ማለት አይበቃም። «ምግብ ካስጠላዎት ጨጓራ ነው ብለው አይተዉት፣ ቶሎ ይምጡ» እንበላቸው።

አሚዮዳሮንን (ሌላው የልብ ምት መድኃኒት ነው) የሳምንት መድኃኒት አስመስሎ ማስረዳት። ጉዳቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሲጀምር ታካሚው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ሳንባው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከመድኃኒቱ ክብደት 37 በመቶው አዮዲን ስለሆነ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢም ሊያዛባ ይችላል። የታይሮይድና የጉበት ምርመራው በየ6 ወሩ ለምን እንደሚታዘዝ ካልነገርናቸው «ደህና ነኝ» ብለው ይቀራሉ። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሳምንታትና ለወራት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ቆዳም በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ጃንጥላ እንዲይዙ እንምከር።

ሌላ ምን እንደሚወስዱ አለመጠየቅ። አሚዮዳሮን ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ያበረታል። የድድ መድማትና የጠቆረ ሰገራ ዝም የሚባሉ ምልክቶች አይደሉም። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እንንገራቸው።

ማስፈራራት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ከዘረዘርንላቸው መድኃኒቱን ያቆማሉ። ቶሎ የሚያስመጡትን ጥቂት ምልክቶች መርጠን፣ «ሳይነግሩን አያቁሙ» ማለት ይሻላል።

ጾም ሲገባ የመድኃኒቱን ሰዓት አብረን እናስተካክልላቸው። ብዙዎች ያመለጣቸውን የጠዋት ኪኒን ከማታው ጋር ደርበው የሚውጡት ያን ጊዜ ነው።