ዓመተ ምሕረትን በስፓኒሽ ለማስነበብ
ባሕር ዳር በካቶሊክ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ለምታስተምሩ። ልጆች ዓመተ ምሕረት ሲያነቡ እንደ እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፍሉታል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ "ሺ" ብለው እንዲጀምሩ አድርጉ። ስፔናዊው የጀስዊት ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 ነው (በፈረንጆቹ)፤ ሺ፣ ስድስት መቶ፣ አስራ ስምንት፤ ሚል፣ ሴይስየንቶስ፣ ዲየሲዮቾ። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፣ "ሚል"ም እንደ "ሺ" ፊቱ ላይ "አንድ" አይፈልግም። ሰውየው በ1622 ያረፈው እዚሁ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ስለሆነ ታሪኩንም አብራችሁ ታስተምሩበታላችሁ፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። "አስራ ስድስት መቶ" የሚለው የለመድነው አነጋገር ግን እዚህ አይሠራም፣ ያደናግራቸዋል። 500፣ 700 እና 900 ደግሞ ከሌሎቹ መቶዎች ስለሚለዩ ለብቻ በቃል ይያዙ።