ገንዘብ እየተቆራረጠ ቤት እንዴት ይሠራል? የት ማቆም፣ ምን ቀድሞ መግዛት

እኛ አገር አብዛኛው ሰው ቤት የሚሠራው ሙሉ ገንዘብ ቆጥቦ ጨርሶ አይደለም። ዕቁብ ሲወጣ መሠረት ይወጣል፣ ከብት ሲሸጥ ብሎኬት ይገዛል፣ ውጭ ያለ ልጅ ሲልክ ቆርቆሮ ይለብሳል። እንዲህ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ገንዘብ ያለቀበት ቦታ ሁሉ ማቆሚያ አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው ፎቅ ለሌለው የብሎኬት ቤት ነው፤ ካርታው፣ ፕላኑና የግንባታ ፈቃዱ እጅ ላይ እንዳሉ ተቆጥሯል።

1. ማቆሚያውን ቀድመው ይወስኑ

እንዲህ ያለ ቤት አስተማማኝ ማቆሚያው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ግሬድ ቢም (ግድግዳው የሚቆምበት፣ በመሬት ደረጃ ላይ ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ) ተሞልቶ፣ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ተፈትቶ፣ በግራና በቀኝ አፈር ተመልሶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ነው። ከጣሪያ ወዲያ ልስኑም፣ ሊሾውም፣ ኮርኒሱም በየተራ ቢሠራ ቤቱን አይጎዳውም፤ አንድ ክፍል ጨርሶ ገብቶ መኖርም ይቻላል።

ከእነዚህ ውጭ የሚቆም ሥራ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። ተቆፍሮ የተተወ የመሠረት ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፣ ጎኑ ይናዳል፣ ወለሉ ይላላል። ሥራው ሲቀጥል የላላውን አውጥቶ እስከ ጠንካራው አፈር መውረድና ትርፉን ጥልቀት መሙላት የግድ ነው። መረሬ (ጥቁር አፈር) መሬት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ይነሳል፣ ይወርዳል። ስለዚህ መረሬው ተጠርጎ በገረጋንቲ (ተመርጦ በሚመጣ፣ በማያብጥ አፈር) ካልተተካ ወይም መሠረቱ ከሥሩ ካልወረደ ሌላው ድካም ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ብሎኬት ሲቆም ቤቱ ያለቀ ይመስላል፣ ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ማለት ይጀምራል። ከዚያ ለጣሪያው ብር ይጠፋና ግድግዳው ሁለት ክረምት ራቁቱን ይቆማል። ቶፕ ታይ ቢም (ከጣሪያ ሥር ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስረው ኮንክሪት) ያላሰረውን ግድግዳ ንፋስ ይገፋዋል። በብሎኬቱ ቀዳዳ የገባው ዝናብ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ እርጥበቱ ከወራት በኋላ በልስኑ ላይ ይወጣል። ከግሬድ ቢም እስከ ጣሪያ ያለውን ሥራ እንደ አንድ ዝላይ ይቁጠሩት፤ እስከ ቆርቆሮው የሚያደርስ ብር ወይም ዕቃ ሳይዙ አንድ ብሎኬት አያስደርድሩ። የተደረደረ ብሎኬት ካለና ገንዘቡ ካለቀ፣ ቢያንስ የላይኛውን ረድፍ ቀዳዳ በሞርታር ደፍነው ከላዩ ቁራጭ ቆርቆሮ በድንጋይ አስጭነው ያስቀምጡ።

ለአዲስ አበባና አካባቢው ቁፋሮና ግሬድ ቢም ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጣሪያ ከግንቦት በፊት። በዚህ ዓመት ለጣሪያ እንደማይደርሱ የካቲት ላይ ካወቁ ዝላዩን ለሚቀጥለው ጥቅምት ያስተላልፉት።

2. ብቅ ብሎ የሚቀረው ፌሮ

የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ለኮለን (ለቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) የተተወው ፌሮ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ነገ ከሚቀጥለው ፌሮ ጋር ተደራርቦ የሚታሰረው እሱ ስለሆነ ርዝመቱ የውፍረቱን 50 እጥፍ ያህል ይሁን፤ ባለ 12 ሚሊሜትር ከሆነ 60 ሳንቲሜትር፣ ባለ 14 ከሆነ 70። ፌሮ ሠራተኛ ቁራጭ ለማብቃቃት 30 ሳንቲሜትር ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት እያንዳንዱን በሜትር ይለኩ፤ ከተሞላ በኋላ የሚቀጠልበት ቀላል መንገድ የለም።

ፌሮው ቶሎ የሚበላው ከኮንክሪቱ በሚወጣበት አንገቱ ላይ ነው፤ ውሃ የሚያቁረው እዚያ ነውና። ለአንድ ክረምት ብቻ የሚቆም ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ቦያካ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ፣ ሁለት ጊዜ ይቀቡት። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ዙሪያውን በጣውላ ሳጥን ከበው በደካማ ኮንክሪት (ሲ-5፣ በሜትር ኪዩብ 150 ኪሎ ሲሚንቶ) ይሸፍኑት፤ ሥራው ሲቀጥል በመዶሻ ይረግፋል። ፌስታል ጠምጥሞ ማሰር የተለመደ ነው፣ ግን አይመከርም፤ ውስጡ ላብ ይዞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። «ሰው እንዳይወጋ» ተብሎ ፌሮውን ማጠፍም አይገባም። ታጥፎ የቀና ብረት እጥፋቱ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያ ቦታ ደግሞ የኮለኑ እግር ነው።

ሲመለሱ ቀይ አቧራ ብቻ ያለበት ፌሮ ችግር የለበትም፤ ብሩሽ ይበቃዋል። ቅርፊት እየተላጠ የሚረግፍ ወይም አንገቱ የቀጠነ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳያየው ኮለን አይሙሉ። የድሮውን ኮንክሪት ፊት ጫር ጫር አድርገው፣ አጥበው፣ ቦያካ አፍስሰው ነው አዲሱ የሚሞላው።

3. ሥራውን በዕቃ ይቁጠሩት

የዛሬ ስድስት ወር የተያዘ የብር ግምት ዛሬ አይሠራም፤ የዕቃ ቁጥር ግን አይለወጥም። ለምሳሌ 6 በ8 ሜትር የሆነ፣ ዘጠኝ ኮለን ያለው ቤት እንውሰድ። ግሬድ ቢሙ ሦስት ባለ 8 ሜትርና ሦስት ባለ 6 ሜትር መስመር፣ በድምሩ 42 ሜትር ነው። 25 በ30 ሳንቲሜትር ቢሆን 3.15 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ስለሚወስድ 11 ኩንታል ከግማሽ ገደማ፣ ማለትም 23 ከረጢት ማለት ነው። አራት ባለ 12 ፌሮ ሲሄድበት 168 ሜትር ነው፤ ለመደራረቢያ አንድ አሥረኛ ሲጨመር 16 ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ)። ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በየ20 ሳንቲሜትር ባለ 8 ከሆነ 210 ፍሬ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ያህል፣ 18 ቤርጋ። ትክክለኛው መጠን ከስትራክቸር ፕላኑ ይወሰዳል፤ አቆጣጠሩ ግን ይኸው ነው።

ብሎኬት በካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ ለስብራት 13 ይያዙ። የዚህ ቤት የውጭ ግድግዳ በ3 ሜትር ቁመት 84 ካሬ ነው። ለበርና ለመስኮት 14 ካሬ ቢቀነስ 910 ብሎኬት ባለ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት፤ 30 ካሬ የውስጥ ግድግዳ ካለው ደግሞ 390 ባለ 15።

በዚህ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይጨመራል። የቤተሰቡ የሦስት ወር አስቤዛ ግን የተለየ ነው፤ ሲሚንቶ ቢረክስም አይነካም።

4. ብሩን ምን ላይ ማሳደር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ ለግንባታ የተያዘ ብር ባንክ ሲያድር እየሳሳ ያድራል።

ቀድሞ የሚገዛው ዋጋው ከዶላር ጋር የሚሮጥና ቢቀመጥ የማይበላሸው ነው፤ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ፌሮ ከመሬት ከፍ ብሎ በብሎኬት ላይ ይጋደማል፣ ከላይ ይሸፈናል። ቆርቆሮ ደረቅ ቦታ ዘንበል ብሎ ይቁም፤ እርጥብ እንደሆነ ከተደራረበ ነጭ ዝገት ያወጣል። ሲገዙም የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ውፍረት እንደሚጨምር አይርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ማስቀመጫ ስለሌለ ከፍሎ ነጋዴ ዘንድ ማስቀመጥ ግን አደጋ አለው፤ ዋጋ ሲንር «ክምችት አልቋል» የሚል መልስ ይመጣል።

ሲሚንቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው። ሊጠፋ ነው በተባለ ቁጥር 50 ኩንታል ማከማቸት የተለመደ ኪሳራ ነው፤ ሲሚንቶ በጥሩ መጋዘን እንኳ በሦስት ወር ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የግድ ካስቀመጡ ከወለል 15፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲሜትር አርቀው፣ ከአሥር ከረጢት በላይ ሳይደራርቡ ይሁን። በጣት ሲጨመቅ የማይፈርስ ጓል የያዘ ሲሚንቶ ለኮለንና ለቢም አይገባም። ቀለምና ቧንቧ ዕቃም ቀድመው አይግዙ። ሴራሚክ ከገዙ ግን ሙሉውን ከአንድ ምርት ቁጥር ይውሰዱ፣ በኋላ ቀለሙ አይገጥምም።

ዕቁብ ለዚህ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ዕጣው ቀደም ካለ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ እንደተበደረ ሲሆን፣ መጨረሻ የሚወጣለት አበዳሪው ነው። ኋላ የደረሰዎት ከሆነ ትንሽ ጨምረው ተራ መለወጥ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ዕጣው የሚወጣው ሐምሌ ላይ ከሆነ ፌሮውንና ቆርቆሮውን ያኔ ገዝተው ሥራውን ጥቅምት ላይ ይጀምሩ።

5. ሲረከቡ ይመዝኑ

አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። ባለ 8 ወደ 4.7፣ ባለ 10 7.4፣ ባለ 12 10.7፣ ባለ 14 14.5፣ ባለ 16 19 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። ባለ 12 ተብሎ 9 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ የቀጠነ ነው፤ በካሊፐር ከመከራከር ሚዛን ይሻላል።

አሸዋ ከመኪናው ሳይገለበጥ በፊት የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ይሙሉ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምረው በደንብ ንጠው ለሦስት ሰዓት ያስቀምጡ። አሸዋው 10 ሳንቲሜትር ሆኖ ከላዩ የሚተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊሜትር ከበለጠ ይመልሱት ወይም ታጥቦ ይግባ። ሾፌሩ ሦስት ሰዓት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ናሙናውን ቀድሞ ከሻጩ መውሰድ ነው።

6. ሠራተኛና ክፍያ

በእጅ ዋጋ ያሠሩ፤ ዕቃውን ራስዎ ያቅርቡ። ብሎኬት በካሬ፣ ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ ተለክቶ ይከፈል፤ የቀን ሒሳብ ሥራን ያስረዝማል። ከሒሳቡ 10 በመቶ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ እስኪያልቅ ይያዝ። ኮንክሪት ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ በእጅ ዋጋ ሥራ ቀድሞ የሚረሳው ይኸው ነው።

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆነው የሚያሠሩ ከሆነ «ይህን ያህል ብር ላክ» ለሚል መልእክት ገንዘብ አይላኩ፤ «16 ቤርጋ ባለ 12» የሚል ዝርዝር ይጠይቁ። ፎቶው ላይ ሜትር የተዘረጋበት ይሁን። ለዘመድም ይህ ውለታ ነው፣ ከሐሜት ያድነዋል።

7. ግቢው እስከዚያ ምን ይሥራ

ቁፋሮ ሲጀመር የላዩን 20 ሳንቲሜትር ለም አፈር ለብቻው ያስከምሩ፤ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ትራፊ ጋር ከተደባለቀ አትክልት አያበቅልም። የሴፕቲክ ታንኩና የሰርቪስ ቤቱ ቦታ በካስማ ከተከለለ በኋላ ቀድሞ መተከል ያለበት አቮካዶ ነው፤ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፣ ቤቱም ምናልባት ያን ጊዜ ያልቃል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲሜትር፣ ከመሠረቱ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ባሕር ዛፍ በተለይ መረሬ ላይ ከቤት አጠገብ አይተከልም፤ አፈሩን አድርቆ መሠረቱን ያሰነጥቃል።

ቆስጣና ጎመን በሁለት ወር ገደማ ለሰሃን ይደርሳሉ። የበልግ ዝናብ ስለማይታመን ዘሩን በአንዴ አይጨርሱት፤ ግማሹን በመጀመሪያው ደህና ዝናብ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዝሩ። ጣሪያው ከለበሰ ደግሞ አሸንዳና በርሜል ከኮርኒስ ይቀድማሉ፤ ክፈፉን ጨምሮ 66 ካሬ በሆነ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 500 ሊትር ያህል ውሃ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ለጎመኑም፣ ለልስኑም ይሆናል።