ሞላ ተቆርጦ መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ የመጣ ኳኳታ

የድሮ ኮሮላ፣ የፊት ሞላው አንድ ዙር ተኩል ተቆርጧል። መሪ ሲዞር ቋ ይላል፣ ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ይጋጫል። በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው በእጅ ይዞራል፤ ጫፉ ከታችኛው መቀመጫ እርከን ወጥቷል። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያደርገው የላስቲክ መከላከያም ከሾኩ ዘንግ ላይ ተነቅሏል!

የተቆረጠ ሞላ አይመለስም፤ ሁለት ኦሪጅናል ተገዛ። ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር የላይኛው ዳዶ አይፈታ፣ ሰው ይገድላል። ከእያንዳንዱ አዲስ ሞላ የተቆረጠው ግማሽ ዙር ብቻ ነው፤ በእርከኑ ላይ ከሚያርፈው ጫፍ፣ በግራይንደር፣ እያረፉና ውሃ እያፈሰሱ። በጋዝ እሳት የሚቆርጡ አሉ፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያበላሸው ሞላው ይተኛል ወይም ይሰበራል። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ ከ6 የሚሠሩ ዙሮች አንድ ተኩል ሲቀነስ ሞላው በሲሶ ይጠነክራል፣ የፋብሪካው ሾክ አይችለውም። ግማሽ ዙር ሲቀነስ ግን የሚጠነክረው በ9 በመቶ ገደማ ነው።

አዲስ የላስቲክ መከላከያ ገባ፣ መኪናው በወረደው ልክ አጥሮ። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ ብሎኖች የጠበቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው (የክንዱ መጋጠሚያ ላስቲክ) ተጠምዝዞ ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)። የፊት መብራቱም ወደ መሬት ስለሚያይ ይስተካከል።