የራምፕ ሽፍት መሪ ሆናችሁ ድሬዳዋ ስትመጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በራምፕ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ሜዳ፣ አዲስ ከሚሾሙ የሽፍት መሪዎች ስህተት ሁሉ የሚያንገበግበኝ የሠራተኛን ዝምታ እንደ ሰላም መቁጠር ነው። «የእኔ ልጆች ምንም ቅሬታ የላቸውም» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው። ቅሬታው በምን በኩል ይድረሳቸው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው የሕዝብ አገልግሎቶች መድቦታል፤ በዚህ ዘርፍ ሥራ ማቆም አይፈቀድም። የፋብሪካ ሠራተኛ ሲመረው ሕጉን ተከትሎ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራ ሊያቆም ይችላል፤ አለቃውም ቢያንስ ችግር መኖሩን ያውቃል። እናንተ ግን ይህ ምልክት አይደርሳችሁም። ቅሬታው በሌላ በኩል ይወጣል፦ የሕመም ፈቃድ ይበዛል፣ ሻንጣ ማራገፉ ይጓተታል፣ ዝውውር ጠያቂው ይበረክታል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሰው ያየውን መናገር ሲተው ነው።

ከዓመታት በፊት በማውቀው አንድ ድርጅት አንድ ወጣት ጫኝ ቤልት ሎደሩን (ሻንጣ ወደ አውሮፕላን የሚያወጣውን ባለ ቀበቶ መኪና) ሲያስጠጋ የጭነት በሩን ጠርዝ ነካው። ማንም አላየውም፤ እሱ ራሱ ሮጦ ሄዶ ተናገረ። ኃላፊው ጓደኞቹ ፊት አዋረደው፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም አስፈረመው። ከዚያ ቀን በኋላ «ነካሁ» የሚል ጠፋ። ኃላፊውም ጥንቃቄ ጨመረ ብሎ ለበላይ ሪፖርት አደረገ። ቀጥሎ አውሮፕላኑ ላይ ስርጉድ ያለ ቦታ ያገኘው ከመነሳቱ በፊት ዙሪያውን እየዞረ ሲፈትሽ የነበረ ፓይለት ነው። መቼ እንደተመታ፣ እንደዚያ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደበረረ የሚናገር አልተገኘም። ውስጡ ሰው ተሳፍሮበት ነበር! ይህን በጥብቅ እለምናችኋለሁ፦ ጥፋቱን ራሱ መጥቶ የነገራችሁን ሰው መጀመሪያ አመስግኑት፤ ስለ ጥንቃቄው ለብቻችሁ ቆይታችሁ ተነጋገሩ። ሆን ብሎ ያጠፋና በስህተት አጥፍቶ ራሱ የተናገረ በአንድ ዓይን አይታዩም።

ሠራተኛን መንገደኛ ፊት መቆጣት አይገባም፤ ይህን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ሌላው፣ የራሳችሁን ውሳኔ መንገደኛ ማስተናገጃው ላይ ለቆመችው ልጅ ማሸከም ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል ከ1,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑ ይዞ ሊነሳ የሚችለው ክብደትም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሻንጣ ሊቀር ይችላል። ውሳኔው ትክክል ነው፣ ለደኅንነት ነው። ነገር ግን «አቦ፣ ሻንጣዬ የት አለ!» የሚለው ጩኸት የሚወርደው ክብደቱን ባላሰላችው ልጅ ላይ ነው። አለቃዋ በዚያች ሰዓት ቢሮ ገብቶ በር ሲዘጋ ሠራተኞች ሁሉ ያያሉ። አጠገቧ ቁሙ፤ ማብራሪያውን እናንተ ስጡ።

ትርፍ ሰዓትን በቃል «በኋላ እናካክሳለን» እያሉ ማሠራትም ተዉ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በቀን 1.5፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ጻፉት፣ አስፈርሙት፣ ይከፈል።

ስለ ተረኛ ድልድል ትንሽ ልቆይ። የድሬን አኗኗር ሳያውቁ ወረቀት ላይ ብቻ ድልድል የሚያወጡ አሉ። በረመዳን የአፍጥር ሰዓት ላይ ሙስሊሞቹን ሁሉ ራምፕ ላይ መመደብ፣ ዕረፍቱን ደግሞ ማንም በማይበላበት ቀትር ላይ ማድረግ ሰውን ያስከፋል። እዚህ ክርስቲያኑ በረመዳን ለሙስሊም ጓደኛው ይሸፍናል፣ ለፋሲካ ደግሞ ሙስሊሙ ይመልስለታል። ይህ ልማድ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የነበረ ነው፤ በቅያሪ ፎርም ብዛት አታጥፉት። መዝግቡ እንጂ አትከልክሉ። ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝም እወቁት። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ላይ ደጋው ሲዘንብ ግን በድንገት ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ወንዝ ነው፣ ቤተሰቡን ያጣበት ሰው ከጎናችሁ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ከወንዙ ማዶ ከመጋላ ሰፈር የሚመጣ ልጅ ጎርፍ አግዶት ቢዘገይ የማርፈጃ ቅጣት አትጻፉበት።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይን እንደ ባላጋራ አትዩት። የኅብረት ስምምነቱን ከእሱ እኩል አንብባችሁ ተገናኙ፤ ችግሩ የሥራ ክርክር የሚዳኘው ቦርድ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እናንተ ጠረጴዛ ላይ ያልቅ። መጠላላት ሥር ሲሰድ ምን እንደሚያመጣ ለማየት የአሜሪካው ኢስተርን አየር መንገድ ይበቃል። ዓመታት የፈጀ የአስተዳደርና የሠራተኛ ጠብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 ወደ ሥራ ማቆም አደገ፤ ድርጅቱ በጥር 1991 በረራውን ጨርሶ አቆመ። አለቃም ሠራተኛም እኩል ከሥራ ውጭ ሆነ።

በመጨረሻ፣ «እኔ እንኳ አዲስ አበባ ተመላሽ ነኝ» እያላችሁ አትሥሩ። ልጆቹ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ያውቁታል፣ ከዚያም ምንም አይነግሯችሁም። የብቻ መኪና ቢመደብላችሁም በሳምንት ጥቂት ቀን በሠራተኛው ሰርቪስ ከከዚራ ወይም ከሳቢያን ሰፈር አብራችሁ ተሳፈሩ። ስለ ሥራ ጥያቄ አታንሱ፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የትኛው ጋሪ ፍሬኑ እንደላላ፣ ማን ልጁ እንደታመመበት፣ የማን ትርፍ ሰዓት እንዳልተከፈለ አየር ማረፊያው በር ሳትደርሱ ትሰማላችሁ። ከዚያ የፍሬኑን ነገር በዚያው ጠዋት አሠሩ።