ስሪዲ ዴስክቶፕ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስኮቶች ሲንሳፈፉ፣ ወደ ጎን ሲዞሩና ሲገለበጡ የሚያሳይ ፕሮግራም በሁለት ሳምንት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ፈተናው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያጋደለ መስኮት ላይ ያለን ቁልፍ በማውስ መጫንና የተጻፈበትን ማንበብ። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጩ ናቸው። ምሳሌዎቹን የወሰድነው ከሊኑክስ ነው። ኮምፖዚተር የምንለው የሁሉንም ፕሮግራሞች መስኮት ሰብስቦ አንድ ስክሪን ላይ የሚስለውን ክፍል ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በዊንዶውስ ላይ እሱን ማጥፋት አይቻልም። ሊኑክስ ላይ ግን የራሳችሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

ሙሉ ዴስክቶፕ ለመሥራት መነሣት

ሰን ማይክሮሲስተምስ ፕሮጀክት ሉኪንግ ግላስ የተባለውን በጃቫ የተጻፈ ስሪዲ ዴስክቶፕ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መስኮቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ማስታወሻ መጻፍ ያስችል ነበር። 1.0 የተባለው እትም የወጣው ግን በ2006 መጨረሻ ነው። ትልቅ ኩባንያ ሦስት ዓመት የፈጀበትን ሥራ አራት ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር አይጨርሱትም። ስለዚህ የፋይል ማኔጀሩን፣ የሰዓቱንና የቅንብር ገጹን ነገር ተዉት። አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ፤ ለምሳሌ «መስኮቶችን በጥልቀት መደርደር የሚፈለገውን ቶሎ ለማግኘት ይረዳል ወይ?» የሚለው ብቻውን በቂ ነው።

በመጀመሪያው ወር እውነተኛ መስኮት አትንኩ። የ20 ፕሮግራሞችን ስክሪንሾት አንሥታችሁ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች ላይ ለጥፉና አደራደሩን በእነሱ ሞክሩ። በሥዕል ያልሠራ አደራደር በእውነተኛ መስኮትም አይሠራም፤ በሥዕል ሲሆን ግን የሚቃጠልባችሁ ጊዜ የጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ማውሱን ለመጨረሻ ማቆየት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ብዙ ቡድኖች ቀድመው ሥዕሉን ያሳምሩና ክሊኩን «በኋላ እንጨምረዋለን» ይላሉ። ኤክስ11 በተባለው የቆየ የሊኑክስ መስኮት ሥርዓት ላይ ይህ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም። ክሊኩን ተቀብሎ ለፕሮግራሞች የሚያደርሰው የኤክስ11 ሰርቨር የሚያውቀው መስኮቱ ሳይዞር በፊት የነበረበትን ቦታ ብቻ ነው፤ እናንተ ስላዞራችሁት ሥዕል ምንም አያውቅም።

በቁጥር እንየው። ስፋቱ 1920 ፒክስል የሆነ ስክሪን መሃል ላይ 800 ፒክስል ስፋት ያለው መስኮት አለ እንበል። በመስኮቱ በስተቀኝ በኩል ያለው «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ የስክሪኑ 1310ኛ ፒክስል ላይ ነው። መስኮቱን 40 ዲግሪ አዙራችሁ የቀኝ ጫፉን ወደ ኋላ ብታርቁት ቁልፉ ለዓይን የሚታየው 1189 አካባቢ ይሆናል። ተጠቃሚው እዚያ ሲጫን ሰርቨሩ ከቁልፉ 120 ፒክስል ያህል በስተግራ ያለውን ነገር እንደተጫነ ይቆጥራል። ፋይሉ አይቀመጥም፤ ምናልባትም ሌላ ቁልፍ ይነካል። አንዳንዶች ኤክስቴስት በተባለው መሣሪያ የውሸት ክሊክ እየላኩ ይህን ለመሸፈን ይሞክራሉ። ያ ግን እውነተኛውን ጠቋሚ ራሱን ስለሚያንቀሳቅሰው ጠቋሚው ይዘላል፣ ይዞ መጎተትም ይበላሻል።

መፍትሔው ከመጀመሪያው በኤክስ11 ምትክ የመጣውን ዌይላንድን መምረጥ ነው። ዌይላንድ ላይ የማውሱን እንቅስቃሴ የሚቀበለው የእናንተው ኮምፖዚተር ነው፤ ለፕሮግራሙም የመስኮቱን የውስጥ ነጥብ አስልቶ የሚልክለት እሱ ነው። ከዜሮ ላለመጀመር ደብሊውኤልሩትስ የተባለውን የሲ ላይብረሪ ተጠቀሙ። ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦

1. ከካሜራው (ትዕይንቱ ከሚታይበት ነጥብ) ተነሥቶ በጠቋሚው በኩል የሚያልፍ ጨረር በፕሮጀክሽን ማትሪክሱ (ስሪዲውን ወደ ስክሪን በሚቀይረው ስሌት) ተገላባጭ (ኢንቨርስ) አውጡ።
2. ጨረሩ የእያንዳንዱን መስኮት ገጽ የሚነካበትን ነጥብ ፈልጉና ለካሜራው የቀረበውን ውሰዱ።
3. ነጥቡን ከመስኮቱ ግራና ላይኛ ጫፍ ተነሥታችሁ ከ0 እስከ 1 ባለው ልኬት ግለጹት።
4. በመስኮቱ ስፋትና ቁመት አባዙት። 800 በ600 የሆነ መስኮት ላይ 0.75 እና 0.5 ማለት 600 እና 300 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ግራፊክስ ካርዱን የምታዙበት ኦፕን ጂኤል የቴክስቸርን (ቅርጹ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል) ቁመት የሚቆጥረው ከታች ሲሆን መስኮት የሚቆጠረው ከላይ ነው። ይህ ከተረሳ ላይ ስትጫኑ ታች ያለው ይመልሳል። ሁለተኛው፣ ተጠቃሚው የማውሱን ቁልፍ እንደተጫነ ሲጎትት ጨረሩ ከመስኮቱ ቢወጣም እስኪለቀው ድረስ ለዚያው መስኮት መላክ አለባችሁ፤ አለዚያ ጽሑፍ መምረጥ እንኳ አይቻልም።

ለመፈተሽ በየ10 ፒክስሉ መስመር ያለውና የተጫናችሁበት ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። በ0፣ በ30 እና በ60 ዲግሪ ነጥቡ ከጠቋሚው ጫፍ ሥር ማረፍ አለበት። ከዚያ ሜኑ ክፈቱ። ሜኑ ራሱን የቻለ ገጽ ስለሆነ የወላጁን አዟዟር ካልሰጣችሁት መስኮቱ አጋድሎ ሜኑው ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ ሌላ ቦታ ይከፈታል።

ጽሑፉን እንደ ሥዕል መቁጠር

በ12 ፒክስል የተጻፉ ቡ እና ቢን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሚለያቸው ከቀኝ እግሩ የምትወጣ አንዲት ጭረት ናት፤ በቡ ወገቡ ላይ፣ በቢ ግርጌው ላይ። በዚህ መጠን ጭረቷ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብትሆን ነው። መስኮቱ ሲያጋድል ግራፊክስ ካርዱ ጎረቤት ፒክስሎችን ስለሚያቀላቅል መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። በላቲን ፊደል ብቻ የሞከረ ቡድን ይህን ቶሎ አያየውም፤ ስለዚህ ሙከራችሁን በአማርኛ ገጽ አድርጉት።

የሚነበበው መስኮት ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይቁም፣ አንዱ የቴክስቸር ፒክስልም በትክክል አንድ የስክሪን ፒክስል ላይ ይረፍ። ለዚህ የካሜራው ርቀት የስክሪኑ ቁመት ግማሽ ለእይታ ማዕዘኑ ግማሽ ታንጀንት ሲካፈል ነው። ቁመቱ 1080፣ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ከሆነ 540 ለ0.4142 ተካፍሎ 1304 ይመጣል። የመስኮቱንም ቦታ ወደ ሙሉ ፒክስል አጠጋጉት፤ ግማሽ ፒክስል ፈቀቅ ካለ ጽሑፉ ሁሉ ይደበዝዛል። ለሚያጋድሉት ሚፕማፕ (የሥዕሉን ያነሱ ቅጂዎች) እና 8 ወይም 16 እጥፍ አኒሶትሮፒክ ፊልተር (ያጋደለን ሥዕል ጥርት የሚያደርግ ማጣሪያ) አብሩ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚጠቀመውን የፊደል ማለስለሻ ወደ ግራጫ ለውጡት፤ አለዚያ መስኮቱ ሲዞር የፊደሎቹ ጠርዝ ቀለም ያወጣል።

ካሜራውን ልቅ መተው

ማውስ የሚሰጣችሁ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው። ተጠቃሚው እንደ ጌም ወደ ፈለገበት ይብረር ካላችሁ መስኮት መፈለጉን ትቶ ካሜራውን ሲያስተካክል ይውላል። አንዲ ኮክበርን እና ብሩስ ማኬንዚ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሦስተኛው አቅጣጫ ይበልጥ በተለቀቀ ቁጥር ተጠቃሚዎች የሚፈልጉትን የማግኘት ብቃታቸው ቀንሷል። በአንጻሩ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ1998 ያቀረቡት ዳታ ማውንቴን 100 ድረ ገጾችን አንድ ያጋደለ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር የሚያስደረድረው። ማውሱ ወደ ላይ ሲገፋ ገጹ ይርቃል፣ ወደ ታች ሲሳብ ይቀርባል፤ ተጠቃሚው የሚማረው ሌላ ነገር የለም። እኛም የምንመክረው ይህን ነው፤ የማይንቀሳቀስ ካሜራና አንድ ሜዳ።

በየፍሬሙ ሁሉንም መቅዳት

1920 በ1080 የሆነ አንድ መስኮት በፒክስል 4 ባይት ሲያዝ 8.3 ሜጋባይት ነው። ሃያ መስኮት 166 ሜጋባይት፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲቀዳ ደግሞ ወደ 10 ጊጋባይት ይጠጋል። ከዋናው ሜሞሪ የሚካፈል ግራፊክስ ላለው ላፕቶፕ ይህ በጣም ይከብዳል፤ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ፕሮግራሙ «ይህ ቦታ ተለውጧል» ብሎ የሚልከውን መረጃ ተጠቀሙ። የሚያበራና የሚጠፋው የጽሑፍ ጠቋሚ 2 በ20 ፒክስል ቢሆን የሚቀዳው 160 ባይት ብቻ ነው። ምንም ካልተለወጠ ምንም አትሳሉ።

አኒሜሽን ስትሠሩ በፍሬም ቁጥር አትለኩ። 12 ፍሬም በ60 ፍጥነት 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ በደከመ ማሽን በ20 ፍጥነት ግን 600 ይሆናል። በሰዓት ለኩና ከ250 ሚሊሰከንድ አታስበልጡት። አሳላፊ መስኮቶችን ከኋላ ወደ ፊት በቅደም ተከተል ሳሉ። ልማቱንም የምትሠሩበት ዴስክቶፕ ላይ በሌላ መስኮት ውስጥ አድርጉት፤ ደብሊውኤልሩትስ ይህን ይፈቅዳል፣ ኮዱ ቢሰናከል የሚዘጋው ያ መስኮት ብቻ ነው።

«ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ መጠየቅ

ጓደኛ ሁሉ ወደድኩት ይላል። ይልቅ ለኩ፦ 24 መስኮት ክፈቱ፣ የሚፈለገውን አሳዩ፣ ትክክለኛው እስኪጫን ያለውን ሰከንድና የተሳሳቱ ክሊኮችን መዝግቡ። ያንኑ በጠፍጣፋ ሰንጠረዥ፣ በተመሳሳይ የሥዕል መጠን ድገሙት። ሰዎቹ 12 ከሆኑ ስድስቱ በስሪዲው፣ ስድስቱ በጠፍጣፋው ይጀምሩ፤ ሁሉም በአንዱ ከጀመሩ ሁለተኛው በልምምድ ብቻ ይፈጥናል። ከሳምንት በኋላ ያንኑ አደራደር እንደገና አሳዩአቸው፤ ቦታን ማስታወስ የሚታየው ያኔ ነው። ስሪዲው ቢሸነፍም ቁጥሩን እንዳለ ሪፖርቱ ላይ አስፍሩት።

መመረቂያው ቀን ላይ ፕሮጀክተሩን መርሳት

ፕሮጀክተሩ 1024 በ768 ብቻ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ትክክለኛው ርቀት 1304 ሳይሆን 384 ለ0.4142፣ ማለትም 927 ነው። ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ በቀጥታ ከጻፋችሁት ጽሑፉ ሁሉ ፈታኞቹ ፊት ይደበዝዛል፤ ስክሪኑ በተለወጠ ቁጥር ከቁመቱ እንዲሰላ አድርጉ፣ ከአንድ ቀን በፊትም አዳራሹ ውስጥ ገመዱን ሰክታችሁ ቡ እና ቢን አንብቡ።