ከአውሎ ነፋሱ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ሳንቲም አስቀምጡ

ሃሪኬን (ከባድ አውሎ ነፋስ) ሽሽት ቤት ዘግታችሁ ሰንብታችሁ ስትመለሱ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ድንጋይ መስሎ ይጠብቃችኋል። ግን መብራት ጠፍቶ፣ ቀልጦ፣ እንደገና የረጋ ቢሆንስ? በዓይን አይለይም።

ከመውጣታችሁ በፊት በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ እስኪሆን አቆዩና ከላዩ ላይ ሳንቲም ጣል አድርጉበት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም ማለት ነው። ኩባያው ሥር ከተገኘ ግን ውሃው ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ነበር፤ ሳትሳሱ ሁሉንም ጣሉት።

ባዶውን ቦታም በውሃ ጠርሙስ ሙሉት (አፋፉ ድረስ አይሁን፣ ውሃ ሲረጋ ያብጣል)። በሩ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ የሆነው 24 ገደማ ነው።

ሳንቲሙ ለፍሪጁ አይሠራም። እዚያ ያለ ሥጋና ወተት መብራት በጠፋ ከ4 ሰዓት በላይ አይታመንም።